«ልጁ ምን ተማረ?» ልጆቻቸውን ቤት ያስተማሩ ወላጆች ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት አንዲት እናት ያለ ጠበቃ ዳኛ ፊት ቀረበች። አልሰረቀችም፣ ሰው አልጎዳችም። የተከሰሰችው የ12 ዓመት ልጇን ወደ ትምህርት ቤት ባለመላኳ ነው። ልጅቷን ቤት ታስተምራት ነበር። እናትየዋ የተማረችው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ሲሆን የመምህርነት ፈቃድ የላትም። የታችኛው ፍርድ ቤት እሷንም ባሏንም ጥፋተኛ ብሎ ነበርና ይግባኝ ብላ መጣች።

ይህች እናት «ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» አላለችም። ክርክሯ ተራ የወላጅ ክርክር ነው፤ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ይባክናል፣ ቤት ግን ልጄ ጊዜዋን በሚገባ ትጠቀምበታለች አለች። ቀጥላም ማስረጃዋን ዳኛው ፊት ዘረገፈችው። የምታስተምርባቸውን መጻሕፍት፣ ራሷ ያዘጋጀቻቸውን የትምህርት ጥራዞች፣ ልጅቷ የሠራቻቸውን ሥራዎች አሳየች። የፈተና ውጤትም ቀረበ። ልጅቷ ከሂሳብ በስተቀር ከአገሪቱ አማካይ ውጤት በላይ ሆና ተገኘች።

ዳኛው ወላጆቹን ነፃ አወጣቸው። የግዛቱ ሕግ የሚለው «ልጁ ትምህርት ቤት ካልሄደ በሌላ ቦታ ተመጣጣኝ ትምህርት ያግኝ» ነው። በዚያው ግዛት ቀደም ሲል የተሰጡ ውሳኔዎች «ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ካልዋለ ትምህርቱ ተመጣጣኝ አይባልም» ብለው ነበር። የ1967ቱ ዳኛ ግን፣ እንዲህ ከተባለ ሕጉ የፈቀደውን የቤት ትምህርት ራሱ መልሶ ከለከለ ማለት ነው ሲል ፈረደ። መለኪያው የትምህርቱ ተመጣጣኝነት ነው አለ።

በአሜሪካ ልጅን ቤት ማስተማር፣ ወይም ብዙዎች እንደሚሉት ሆምስኩሊንግ፣ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ስለ አጥባቂ ሃይማኖተኛ ቤተሰቦች ነው። እነሱ በእርግጥ የታሪኩ ትልቅ ክፍል ናቸው። ነገር ግን በእምነት ነፃነት ሊከራከሩ የማይችሉ ወላጆችም ነበሩ፤ ለእነዚህ የቀራቸው መከራከሪያ ልጁ ራሱ ነው። «ልጁ ምን ተማረ?» የሚለው ጥያቄ በታሪኩ ውስጥ መሃል ቦታ የያዘው በዋናነት በእነሱ በኩል ነው። ዛሬ ለልጁ ትምህርት ቤት የሚመርጥ ማንኛውም ወላጅ፣ ቤት የማስተማር ሐሳብ ባይኖረውም እንኳ፣ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ነገር አለ።

▪️ ከማንበብ ወደ መገኘት

የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት በ1642 (ከዚህ በታች ያሉት የውጭ ታሪክ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ሕግ አወጣ። ወላጆችና ልጆችን ለሥራ ያሳደሩ ጌቶች ልጆቹ ማንበብ እንዲችሉ የማድረግ ግዴታ ተጣለባቸው። ሕጉ ስለ ትምህርት ቤት አያወራም። ልጁን ማን እንዳስተማረው፣ የት እንዳስተማረው ግድ አልነበረውም። የመንደሩ ሹማምንት የሚያጣሩት ልጁ ማንበብ መቻሉን ነበር።

ከ210 ዓመት በኋላ፣ በ1852፣ ያው ማሳቹሴትስ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀድሞ ልጆችን ትምህርት ቤት መላክን ግዴታ አደረገ። ከ8 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ በዓመት ቢያንስ 12 ሳምንት ትምህርት ቤት መገኘት ነበረበት። በ1918 ሚሲሲፒ የመጨረሻዋ ሆና ስትጨመር ግዴታው በሁሉም ግዛት ሠራ።

ሕጉ ከመልካም ሐሳብ የመጣ ነው። ልጆች ፋብሪካ ውስጥ ጉልበታቸው ይበዘበዝ ነበር፤ የስደተኛውንም የደሃውንም ልጅ ከማሽን ሥር አውጥቶ ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ሕግ ያስፈልግ ነበር። ይሁን እንጂ በሁለቱ ሕጎች መካከል ጥያቄው ራሱ ተለውጧል። በ1642 የሚጠየቀው «ልጁ ያነባል ወይ?» ነበር። በ1852 «ልጁ ተገኝቷል ወይ?» ሆነ። መገኘት በመዝገብ ይቆጠራል፤ ለመንግሥት ሥራ የሚቀለው እሱ ነው። መማርን ለማወቅ ግን ልጁን ቀርቦ ማየት ይጠይቃል።

▪️ እምነት ያለው አለፈ፣ ፍልስፍና ያለው ቀረ

በ1922 የኦሪገን ግዛት ሕዝብ በድምፁ አንድ ሕግ አጸደቀ። ልጆች ሁሉ የግድ በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲማሩ የሚያደርግ፣ የካቶሊክንም ሆነ ሌሎች የግል ትምህርት ቤቶችን የሚዘጋ ሕግ ነበር። በ1925 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። ልጅ የመንግሥት ፍጡር አይደለም፤ የሚያሳድጉት ሰዎች ለሕይወቱ የማዘጋጀት መብትም ግዴታም አለባቸው የሚል ነበር የፍርዱ መንፈስ። ይህ ለወላጅ ምርጫ ትልቅ ድል ነው። ሆኖም ያስከበረው በትምህርት ቤቶች መካከል የመምረጥን መብት ነበር፤ ከትምህርት ቤት ውጭ ስለማስተማር የወሰነው ነገር የለም።

በ1972 ሌላ ጉዳይ መጣ። በዊስኮንሲን ግዛት የሚኖሩ የአሚሽ እምነት ተከታዮች ልጆቻቸውን ከ8ኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት አንልክም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በእምነት ነፃነት ምክንያት ፈረደላቸው። በዚያው ፍርድ ውስጥ ግን ለሌሎች ወላጆች በሩን የሚያጠብ ሐሳብ ሰፈረ። የአሚሾቹ ተቃውሞ ደራሲው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ከዘመኑ ማኅበረሰብ ተለይቶ ጫካ ሲገባ እንዳደረገው በግል ፍልስፍና ላይ ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ ይህን ጥበቃ አያገኝም ነበር ተባለ።

እንግዲህ «አምላኬ አይፈቅድም» የሚል ወላጅ ጋሻ አገኘ። «ልጄ እዚያ እየተማረ አይደለም» የሚል ወላጅ ግን ጋሻ አልነበረውም። ለዚህኛው የቀረው የኒው ጀርሲዋ እናት ያደረገችውን ማድረግ ነው፤ ደብተሩንና ውጤቱን ይዞ መቅረብ።

▪️ ልጅ ያልነበረው መምህር

እነዚህን ወላጆች አንድ ላይ ያሰባሰባቸው ጆን ሆልት ነው። ሆልት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ያገለገለ፣ በኋላም በኮሎራዶና በቦስተን አካባቢ በግል ትምህርት ቤቶች ያስተማረ ሰው ነው። አላገባም፣ ልጅም አልወለደም። ያስተማራቸው አብዛኞቹ ልጆች የድሃ ልጆች አልነበሩም፤ ትምህርት ቤቶቹም መጥፎ የሚባሉ አልነበሩም። ሐሳቡን ከባድ ያደረገው ይኸው ነው።

በ1964 ልጆች እንዴት እንደሚወድቁ የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በክፍል ውስጥ ካያቸው ነገሮች የተጠናቀረ ነው። ሆልት ያየው ልጆቹ ስለ ጥያቄው ሳይሆን ስለ መምህሩ ሲያስቡ ነው። የመምህሩን ፊት ያነባሉ፤ መልሱን ከፊቱ ለመገመት ይሞክራሉ፤ እርግጠኛ ካልሆኑ ድምፃቸውን ቀንሰው ያጉተመትማሉ። ጎበዝ የሚባለውም ሰነፍ የሚባለውም የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ መሳሳትን። ሆልት ልጆቹ የሚወድቁት ስለሚፈሩና ስለሚሰለቹ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ።

መጀመሪያ ላይ ትምህርት ቤት ሊሻሻል ይችላል ብሎ ያምን ነበር። ለዓመታት እየዞረ ንግግር አደረገ፣ ጻፈ። በ1970 ሜክሲኮ ሄዶ ኢቫን ኢሊችን አገኘ። ኢሊች በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ ማኅበረሰቡ መማርን ከትምህርት ቤት ጋር አንድ አድርጎ ማየቱን እንዲተው የተከራከረ አሳቢ ነው። ሆልት ቀስ በቀስ ከማሻሻል ተስፋ ቆረጠ። በነሐሴ ወር 1977 ከቦስተን ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች ትንሽ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። በ1981 ወላጆች ልጆቻቸውን ራሳቸው እንዲያስተምሩ የሚመክር መጽሐፍ አወጣ። በ1985 ሲሞት መጽሔቱ አልቆመም፤ እስከ 2001 ቀጠለ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ሆልት ቢሰማ አጥብቆ ይቃወመው ነበር። እሱ ልጅ በተፈጥሮው መማር ይፈልጋል፣ አዋቂው እንቅፋት አይሁንበት ባይ ነው። በዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልተስማማም፤ ዛሬም የሚያከራክር ነው። ሁሉም ልጅ ንባብን በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ፍላጎት ብቻ ይይዛል ብሎ መተማመን ብዙ ወላጅ የማይደፍረው ነገር ነው።

▪️ በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ

ሆልትና ኢሊች ስለ ትምህርት ቤት ወሰን በሚከራከሩበት ሰሞን የኢትዮጵያ መንግሥትም የትምህርት ሥርዓቱን እያስጠና ነበር። ጥናቱ በሕዝብ ዘንድ ሴክተር ሪቪው በሚለው ስሙ ይታወቃል። መሠረታዊ ሐሳቡ አራት ዓመት የሚፈጅ መሠረታዊ ትምህርት ለሁሉም ለማዳረስና የሁለተኛ ደረጃንና የከፍተኛ ትምህርትን መስፋፋት ለመገደብ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ብዙ ሕፃናት ፊደል እንዲቆጥሩ የሚያደርግ ዕቅድ ነው።

ወላጆችና መምህራን ያዩት ግን ሌላ ነገር ነው። «የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም፣ የሀብታም ልጅ ይቀጥል» ማለት ነው ብለው ተረዱት። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን የነዳጅ ዋጋ ያስቆጣቸው የታክሲ ሹፌሮችም አድማ መቱ። መንግሥት ዕቅዱን ለማንሳት ተገደደ፤ የዚያ ወር እንቅስቃሴ ግን ሥርዓቱን ይዞት ሄደ።

የቦስተኑ ወላጅ በሩ ክፍት ሆኖለት ልጁን ይዞ ወጣ። የአዲስ አበባው ወላጅ በሩ በልጁ ፊት ሊዘጋ ነው ብሎ አደባባይ ወጣ። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ከትምህርት ቤት መውጣትን እንደ ነፃነት ለማየት አስቀድሞ መግባት ያስፈልጋል። ቢሆንም የሁለቱም ቁጣ የሚነሳው ከአንድ ቦታ ነው። ስለ ልጄ ዕድል እኔን ሳይጠይቅ የወሰነው ማነው? ይህ የሁለቱም ጥያቄ ነበር።

▪️ አራቱ ጥያቄዎች

በ1978 በማሳቹሴትስ፣ አምኸርስት ከተማ፣ አንድ ቤተሰብ የሁለተኛ ክፍል ልጁን ቤት ለማስተማር ጠይቆ ተከለከለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሆልትም ስለ ጉዳዩ በመጽሔቱ ጻፈ። ዳኛው ሁለት ነገር ወሰነ። ወላጆች ልጃቸውን ቤት የማስተማር መብት አላቸው፤ መብቱ ግን ገደብ የለሽ አይደለም። የትምህርት ባለሥልጣናቱ «ልጁ ከእኩዮቹ ጋር አይውልም» ብለው ወይም የወላጆቹን ምክንያት ስላልወደዱት ብቻ መከልከል አይችሉም። ልጁ የሚማረውን ግን መመርመር ይችላሉ።

በ1987 የግዛቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ መመሪያውን ግልጽ አደረገው። ባለሥልጣን ሊጠይቅ የሚችለው አራት ነገር ነው፦

1. ምን ይማራል፣ ለስንት ሰዓት?
2. የሚያስተምረው ሰው ችሎታ አለው ወይ? ዲፕሎማ ወይም የመምህርነት ፈቃድ የግድ አይደለም።
3. በየትኞቹ መጻሕፍትና መሣሪያዎች ይማራል?
4. መማሩ በምን ይታወቃል? በፈተና ወይስ በየጊዜው በሠራቸው ሥራዎች?

ከ1642ቱ ሕግ ጋር ሲተያይ፣ ጉዳዩ ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ወደ መነሻው የተመለሰ ይመስላል። የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው ልጁ ምን እንደተማረ ነው።

▪️ ማንም ሳይጠይቅ ሲቀር

በ1980ዎቹ እንቅስቃሴው መልኩን ቀየረ። ወንጌላውያን ክርስቲያኖች በብዛት ገቡ፤ በ1983 የራሳቸውን የሕግ መከላከያ ማኅበር አቋቋሙ። ግዛቶች አንድ በአንድ ሕጋቸውን አላሉ። በ1993 ልጅን ቤት ማስተማር በ50ውም ግዛቶች ሕጋዊ ሆነ።

በድሉ ውስጥ ግን አንድ ነገር ጠፋ። እንደ ቴክሳስ ባሉ ግዛቶች ወላጅ ልጁን ቤት እንደሚያስተምር ለማንም የማሳወቅ ግዴታ የለበትም። ፈተና የለም፣ ደብተር የሚያይ የለም። ለጥሩ ወላጅ ይህ እፎይታ ነው። ለመጥፎ ወላጅ ደግሞ መደበቂያ ነው። በ2013 ቤት ተምረው ያደጉ ወጣቶች ራሳቸው ተሰባስበው ቁጥጥር እንዲኖር የሚጠይቅ ድርጅት መሠረቱ። ቤት መማር ይከልከል ብለው አልተነሱም፤ የጠየቁት ልጁን የሚያይ አንድ ሰው እንዲኖር ነው። መብት ለወላጅ ተሰጥቶ ጥያቄው ሲቀር፣ ልጁ ምስክር አልባ ሆነ ማለታቸው ነው።

በሌላው ጫፍ ጀርመን አለች። እዚያ ትምህርት ቤት መገኘት ራሱ ግዴታ ነው፤ ቤት ማስተማር አይፈቀድም። በ2006 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት የአንድ ቤተሰብን አቤቱታ ሳይቀበል ቀረ። የጀርመን ክርክር ልጅ ከተለያየ ሕዝብ ጋር አብሮ መኖርን የሚማረው አብሮ በመዋል ነው የሚል ነው። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ቴክሳስ ወላጁን አመነች፤ ጀርመን ተቋሙን አመነች። የ1987ቱ የማሳቹሴትስ ፍርድ ግን ሁለቱንም በጭፍን አላመነም፤ ሥራውን አሳዩኝ አለ።

▪️ ምክንያቱ ተቀየረ

በአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ስታቲስቲክስ ተቋም ግምት በ1999 ቤት የሚማሩ ልጆች 850,000 ነበሩ፤ ከተማሪው 1.7 በመቶ። በ2016 ወደ 1.7 ሚሊዮን ደረሱ፤ 3.3 በመቶ። በ2016ቱ ጥናት ወላጆች ዋነኛ ምክንያታቸውን ሲጠየቁ 34 በመቶው የትምህርት ቤቱን ሁኔታ፣ ማለትም ደህንነትን፣ አደንዛዥ ዕፅንና የእኩዮችን ግፊት ጠቀሱ። 17 በመቶው የትምህርቱ ጥራት አላረካንም አሉ። ሃይማኖትን ለማስተማር ነው ያሉት 16 በመቶ ናቸው።

በ2020 ኮሮና መጣ። በሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ዳሰሳ መሠረት ለትምህርት የደረሰ ልጅ ካላቸው ቤተሰቦች ቤት የሚያስተምሩት በፀደይ 5.4 በመቶ ነበሩ፤ በመከር 11.1 በመቶ ሆኑ። ትልቁ ዝላይ የታየው በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ነው፤ ከ3.3 ወደ 16.1 በመቶ። አያቶቻቸው ወደ ትምህርት ቤት ለመግባት የታገሉ ሰዎች ልጆቻቸውን ከዚያው ሲያወጡ ማየት ብዙ ይናገራል። የአያቶቹም የልጅ ልጆቹም ትግል ልጁ በሚገባው መጠን እንዲማር ነው።

▪️ የትምህርት ቤቱ በር ላይ

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ፣ ለባሕር ዳር ወይም ለሲልቨር ስፕሪንግ ወላጅ ምን ይጠቅማል?

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ልጆች ለዓመታት ትምህርት ቤት ተገኝተዋል። የስም መጥሪያው ሞልቷል፣ ካርድ ተሰጥቷል፣ ክፍል ተዘልሏል። «ተገኝቷል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ነበር። «ምን ተማረ?» የሚለው የተጠየቀው መጨረሻ ላይ፣ ምንም ማስተካከል በማይቻልበት ሰዓት ነው።

መፍትሔው ሁሉም ልጁን ቤት ያስቀር ማለት አይደለም። ከጠዋት እስከ ማታ ገበያ የምትውል እናት፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ አባት ይህን ማድረግ አይችሉም። አሜሪካም ውስጥ ቢሆን ቤት ማስተማር አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ደመወዝ ይከፈልበታል፤ ብዙ ጊዜ የእናትየዋ። አቅም ያለው የሚመርጠውን መንገድ ለሌለው ሁሉ እንደ ምክር ማቅረብ የ1966ቱን ቁጣ መርሳት ነው።

አራቱን ጥያቄዎች ግን ማንም ወላጅ መጠየቅ ይችላል። ብዙ ወላጅ ትምህርት ቤት ሲመርጥ ክፍያውን፣ ሰርቪሱን፣ ዩኒፎርሙን፣ ልጆቹ እንግሊዝኛ ማውራታቸውን ያያል። ምን እንደሚማር፣ ማን እንደሚያስተምረው፣ በምን መጽሐፍ እንደሚማር፣ መማሩ በምን እንደሚታወቅ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ያልተማረ ወላጅ እንኳ ልጁን «ዛሬ የተማርከውን ንገረኝ» ብሎ ማስጀመር፣ ደብተሩን ማገላበጥ፣ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግ ይችላል።

ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ብልሃት አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ፊት የተቀመጠ ልጅ ስንት ዓመት እንደቆየ ማንም አይጠይቀውም ነበር። ፊደሉን ለየ ወይ፣ ንባብ ወጣለት ወይ፣ ዳዊት ደገመ ወይ ነበር የሚባለው። ፈጣኑ ያልፋል፣ ያልደረሰው ይቆያል። ያ ትምህርት የራሱ ጉድለት ነበረው፤ ዱላው ከባድ ነበር፣ ሴት ልጅም እምብዛም አታገኘውም ነበር። መለኪያው ግን ልጁ ራሱ ነበር።

የኒው ጀርሲዋ ልጅ ሂሳቧ ደካማ ነበር። ዳኛው ይህን ያውቃል፤ ችሎት ላይ ተነግሯል። የልጅቷን ሥራ ገልጦ አይቶ፣ የምትችለውንም የማትችለውንም ካወቀ በኋላ ፈረደ። ብዙ ልጅ 12 ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሶ እንዲህ የሚያየው ሰው አያገኝም።